ለጅጅጋ መዘምራን ያስተማርኩት ትንፋሽ

ሰኞ ሳይነጋ ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ ስነሳ የያዝኩት አንዲት ትንሽ ቦርሳ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ጅጅጋ ላሉ የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን አንድ ሳምንት አተነፋፈስ አስተምሬ ነበር። ባለፈው ወር የመዘምራኑ ኃላፊ አቶ ግርማ ደወሉልኝ። «የትዕግሥት ድምፅ ከተዘጋ አራት ወር ሆነ። ሐኪምም አይቷታል። ለጥምቀት ቢመጡና በትንፋሹ ቢያግዟት» አሉኝ። ትዕግሥት ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እንደ እሷ ያለ ድምፅ በማስተማር ዘመኔ ሁሉ አልገጠመኝም። ለባለቤቴ ልረዳት ነው የምሄደው አልኳት፤ ውስጤ ግን ፈርቶ ነበር።

ማክሰኞ፣ ከሐረር እስከ ጅጅጋ

ሐረር አድሬ፣ ጠዋት ፉል በዳቦ በልቼ ሚኒባስ ያዝኩ። ባቢሌ ላይ አንድ ጣሳ ለውዝ ገዛሁ፤ ሳልቀምሰው ኪሴ ውስጥ ቀረ። ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተቆለለበትን የዳካታን ሸለቆ ባለፈው ጊዜ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ ነበር ያየሁት። አሁን ጉልበቴን እያየሁ አለፍኩት። ካራማራ ኬላው ላይ ዕቃ ሲፈተሽ አንድ ሰዓት ያህል ቆምን፤ ነፋሱ አቧራውን እያነሳ ሚኒባሱ ውስጥ ይበትነዋል። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት የሶማሌ እናት ሻሻቸውን ወደ አፋቸው እየሳቡ «አፍህን ሸፍን፤ አቧራው ደረት ይገባል» አሉኝ። ትንፋሽ አስተማሪ ነኝ ብዬ ልነግራቸው አፈርኩ።

ከሰዓት የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስደርስ ሃያ የሚሆኑ ልጆች ተሰልፈው ጠበቁኝ። ትዕግሥት ለብቻዋ ከበሮው አጠገብ ቆማለች። ሰላም ስትለኝ ከአፏ የወጣው ሹክሹክታ ነበር።

«እስቲ ያኔ እንዳስተማርኳችሁ ተንፍሱ» አልኳቸው።

የሁሉም ትከሻ በአንድ ጊዜ ወደ ጆሯቸው ወጣ። አቶ ግርማ ደስ እያላቸው ደብተር አመጡልኝ። ያኔ የተናገርኩትን አንድም ሳያስቀሩ ጽፈውታል፤ አዲስ የሚገባ ልጅ ደብተሩን በቃሉ ካልያዘ አይዘምርም። አንዲት ትንሽ ልጅ እጇን አጣምራ በቃሏ አነበነበችልኝ፦ «ትከሻ እስኪነሳ አየር መሳብ። ጉሮሮ ሲቃጠል ድምፅ እየበሰለ ነውና አለማቆም።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። እኔም ከመምህሬ የሰማሁት እንዲሁ ነበር። ስህተት መሆኑን አንድ ሥልጠና ላይ ካወቅሁ ግን ዓመት ሆኖኛል። የአዲስ አበባ ተማሪዎቼን ወዲያው አርሜያለሁ፤ የጅጅጋዎቹ ረስተውት ይሆናል ብዬ ስልክ እንኳ አልደወልኩም። የሰንበት ተማሪ የመምህሩን ቃል እንደማይጥል ጠፍቶኝ አይደለም፤ እኔም እንደዚያው ነው ያደግሁት።

ረቡዕ እና ሐሙስ

ጠዋት ትዕግሥትን ወደ ሐረር ሐኪም የላከቻትን ነርስ፣ ሲስተር ሆዳንን፣ ክሊኒኳ ሄጄ አገኘኋት።

«ጉሮሮዋ ውስጥ እባጭ አለ» አለችኝ። «መጀመሪያ ሲያማት እኔ ጋ መጣች። አትዘምሪ፣ ዝም በይ አልኳት። እሷ ግን፣ መምህሬ እየበሰለ ነው ብሎኛል አለች። አንተ ነህ መምህሩ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሃዬ» አለች፤ እሺ ማለቷ ነው። ወቀሳ ስጠብቅ ወንበር ሳበችልኝ።

«ድምጿ ይመለሳል?»

«ኢንሻ አላህ። ግን አልዋሽህም፣ ሐኪሙ ተስፋ አልሰጣትም።»

ከሰዓት ልጆቹን ሰብስቤ «ተሳስቼ ነው ያስተማርኳችሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ» አልኳቸው። ምንጣፉ ላይ በጀርባቸው አስተኝቼ በየሆዳቸው ላይ አንዳንድ ደብተር አስቀመጥኩ፤ አየር ሲስቡ ደብተሩ ከፍ፣ ሲለቁ ዝቅ እንዲል። ተኝተው ደህና ሠሩ። ቆመው ሲዘምሩ ትከሻቸው እንደገና ወጣ። ሐሙስም ደገምነው፤ ሁለት ዓመት የለመዱት በሁለት ቀን አልለቅ አላቸው።

ትዕግሥት ሳትጠራ መጥታ ፊቴ ቆመች። ትከሻዋ ሳይነቃነቅ ሆዷ ሞላ፤ አየሩን ቀስ አድርጋ ለቀቀችው። እስከ ሠላሳ ቆጠርኩ።

«እንዲህ ነው፣ መምህር?» አለች በዚያው ሹክሹክታዋ።

«እንዲህ ነው» አልኳት። ከሁሉም በትክክል የተነፈሰችው እሷ ብቻ ነበረች።

አርብ፣ ከተራ

ታቦት ወጥቶ መዘምራኑ ሲያጅቡ ከኋላቸው ተከተልኩ። ትዕግሥት ከበሮ ትመታለች፤ ከንፈሯ ከግጥሙ ጋር ይንቀሳቀሳል። እኔ የማየው የፊተኞቹን ትከሻ ነበር፤ በየስንኙ ከፍ ይላል። ሰው ሁሉ እልል ሲል እኔ አልቻልኩም።

እሑድ ልትሸኘኝ ከአቶ ግርማ ጋር መናኸሪያ መጣች። ደብተሩን ይዛው ነበር። «ጉሮሮ ሲቃጠል» የሚለውን መስመር ሰርዤ ከሥሩ «ጉሮሮ ካመመ ማቆም» ብዬ ጻፍኩበት። አነበበችው።

«መምህር፣ ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ሲያቃጥለኝ የነበረው ምንድን ነው?»

ረዳቱ ግቡ ግቡ ይላል። ቦርሳዬን አንስቼ ገባሁ።

ሰኞ ማታ ቤቴ ደረስኩ። ባለቤቴ «ረዳሃት?» አለችኝ፤ አልረዳኋትም አልኳት። አሁን ክፍል ስገባ ልጆቹ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት አንድ በአንድ ጉሮሯቸው ያማቸው እንደሆነ እጠይቃለሁ። ትዕግሥትን ያኔ ሳምንቱን ሙሉ አስተምሬያት፣ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም።