ተመልሶ የሄደው ጫማ

አክስቴ ወለተሩፋኤል ከዳባት ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው የምትኖረው። ጎበዝ ገበሬ ናት፤ ምላሷም ስለት ነው። እኔ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የማስተምር የእህቷ ልጅ ነኝ፤ ለሷ ግን ዛሬም «አንቺ ንፍጣም» ነኝ።

በልጅነቷ ከማዶ መንደር ክንዱ የሚባል ወጣት ለጋብቻ ሽማግሌ ላከባት። ትወደው ነበር። እንደ ደንቡ ዘር እስከ ሰባት ቤት ተቆጠረ፤ ዝምድና አልተገኘም። ክንዱም ለቃል ማሰሪያ ከቀሚስ ጋር የቆዳ ጫማ ላከላት። ኋላ አንዲት ጎረቤት የእናቱን እግር ነገር አነሳች። እግራቸው በዝሆኔ አብጦ ነበር።

«ዝሆኔ ያለበት ዘር ገብተሽ ልጆችሽን ልታስፈጂ?» አሏት ዘመዶቿ። ፈራች። ጫማውን ራሷ ወስዳ ደጃፉ ላይ አስቀመጠችለት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሌላ አገባች፤ ባሏ ቶሎ ሞተ፤ እርሻውን በባዶ እግሯ ይዛ ቀረች። ክንዱ አዲ አርቃይ ወርዶ ወለደ፤ ልጆቹን ሁሉ ጫማ አስለምዶ አሳደገ፤ የአንዳቸውም እግር አላበጠም። ዘንድሮ ያበጠው የአክስቴ እግር ነው።

ጎንደር አምጥቼ አሳከምኳት። ሐኪሙ ዝሆኔ ነው ሲላት ልትሰድበው ምንም አልቀራትም። ከዚያ ቀሐ ወንዝ ዳር ተቀምጠን አስረዳኋት፤ የማስተምረው ይህንኑ ነው።

«ቀዩ አፈር ውስጥ ከዱቄት የደቀቀ ማዕድን አለ፤ በተሰነጠቀ ተረከዝ ይገባል። ሥጋችን ውስጥ ዘብ የቆሙ ሴሎች ይውጡታል። ተሕዋስ ቢሆን ይፈጩት ነበር፤ ማዕድን ግን አይፈጭላቸውም። ያን ጊዜ ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ይለቃሉ፤ ‹ድረሱልን› ማለታቸው ነው። ደም ሥሩ ይላላል፣ ውኃ ይሰርጋል፣ ሌሎች ሴሎች ይጎርፋሉ። እብጠት ማለት ይኸው ነው።»

«ምነው፣ ገላጋይ የላቸውም?»

«አላቸው እንጂ። ‹ይብቃ› የሚሉ መልእክተኞችም አሉ፤ ቁስል የሚሽረው በነሱ ነው። አንቺ ግን ጠቡ ሳይበርድ በየቀኑ አዲስ አፈር ረገጥሽ። ፈሳሹን የሚመልሰው ቧንቧ ጠባሳ ሆኖ ተደፈነ።»

«ዘሩስ?»

«ለበሽታው ይበልጥ የሚጋለጥ ዘር አለ። አፈሩ ካልገባ ግን ዘር ብቻውን እግር አያሳብጥም። ታጥቦ ጫማ ያደረገ ይተርፋል።»

ያበጠ እግሯን ቁልቁል አየች። ባልነገርኳት ብዬ ተጸጸትኩ።

«በይ ጫማ ግዢልኝ» አለችኝ በመጨረሻ።

ፒያሳ ወሰድኳት። ባለሱቁ የወንድ ትልቁን ቁጥር አወረደ፤ አልገባም። እግሯ ቢታጠብና በፋሻ ቢታሰር እብጠቱ እንደሚጎድል፣ ከዚያ ጫማ በልኳ እንደምናሰፋ ነገርኳት። አልሰማችኝም። መስኮቱ ላይ የተደረደረውን የሴት ጫማ ታያለች።

«የክንዱ ጫማ ልክክ ብሎልኝ ነበር» አለች። «ጫማውን ከመመለሴ በፊት በሩን ዘግቼ፣ አድርጌው ዞሬበታለሁ።»