እየሮጡ አንቱ አይባልም

ዛሬ ጠዋት እትዬ ሙሉ አረፈች ብለው ደወሉልኝ።

«የቷ ሙሉ?» አልኩ። ጎፋ ውስጥ ስንት ሙሉ አለች! የእኛዋ ልትሆን አትችልም። ከእኛዋ ጋርማ ቅዳሜ አብረን ሮጠናል፤ አቀበቱ ላይ ቀድማኝ ዞር ብላ ስቃብኛለች። ልጇ ስልኩን ተቀብሎ «እናቴ» ሲል ነው የገባኝ። ማታ እንደተኛች አልነቃችም።

በቤት ጫማ ወጣሁ። ወደ እነሱ ብሎክ እየሮጥኩ ስሄድ ታክሲ ተራው ጋ ያሉት ልጆች «በርቺ እናት! ዛሬ ብቻሽን ነሽ እንዴ?» አሉኝ። እያለቀስኩ እንደሆነ ማንም ልብ አላለም። ሰፈሩ እኔ ስሮጥ ማየት ለምዷላ።

ያስለመደችው እሷ ናት። እኔ እዚህ ረጅም ነገር መጻፍ አልወድም፤ ዛሬ ግን ታገሱኝ።

ለማታውቋት፣ እትዬ ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበረች። ልጅ አሳድጋ የልጅ ልጅ ያየች፣ አፏ የማያርፍ፣ ከብሎኩ ስር ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ማሽኗ ላይ የምትውል ሴት። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ወንበር ላይ የምውል፣ አንድ ፎቅ ስወጣ ግድግዳ የምደገፍ ሴትዮ ነበርኩ።

አንድ ቀን ቀሚሴ ጠቦኝ ጎኑን እንድታሰፋልኝ ሄድኩ። ገልብጣ አየችው።

«የሚለቀቅ ጨርቅ አልቋል እኮ የኔ እህት። ከዚህ በኋላ አንቺን ማጥበብ ነው የሚሻለው።»

እንደ መሳቅ ብዬ እዚያው ሱቋ ውስጥ አለቀስኩ። በዚያው ሳምንት ሐኪሙ «ስኳርሽ ጫፍ ላይ ነው፣ ካልተንቀሳቀስሽ አደጋ አለው» ብሎኛል። እናቴን የወሰዳት ስኳር ነው። መጀመሪያ እግሯን፣ ቀጥሎ እሷን። ሐኪሙ ያን ሲለኝ ልጄ ገና ኬጂ ነበረች። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእሷ ተናገርኩ።

«ነገ ማለዳ በር ላይ ጠብቂኝ» አለች። እሷ ራሷ ሩጫ የጀመረችው በትልቅነቷ ነው፤ ማሽን ላይ መጎለት ወገቧን ሲይዛት።

«በዚህ ዕድሜዬ መንገድ ላይ ልሮጥ? ሰው ምን ይለኛል እትዬ ሙሉ?»

«ሰው ስትታመሚ ብርቱካን ይዞ ይመጣል። ከዚያ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ተነሺ!»

የመጀመሪያውን ቀን መቼም አልረሳውም። ቱታ ለብሰን፣ በላዩ ቀሚስ ደርበን፣ ነጠላችንን ወገባችን ላይ አስረን በላፍቶ አቅጣጫ ቁልቁል ወረድን። እንግዲህ አስቡት፤ ሁለት ትልልቅ ሴቶች በነጠላ ማለዳ ሲሮጡ ሰፈር ምን ይላል? ጎረቤታችን ወይዘሮ አስካለ ከበር ብቅ ብላ «ወይኔ! ማን ነው? ማን ሞተ?» ብላ ጮኸች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየመታች ተከተለችን። ሌሎች ሁለት ሴቶችም ከኋላዋ። እኔ ለማስረዳት ትንፋሽ የለኝም። እትዬ ሙሉ ናት ሳትቆም ዞር ብላ፦

«ማንም አልሞተም! ይቺ እንዳትሞት ነው የምንሮጠው!»

ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስናልፍ «በርቱ» ማለት ጀመሩ።

ትንሽ እንደሄድን ጎኔን ውጋት ያዘኝና «እትዬ ሙሉ፣ እባክዎትን ትንሽ ይቁሙልኝ» አልኳት እያለከለክሁ።

«‹እባክዎትን ይቁሙልኝ› ብለሽ እስክትጨርሺ ላፍቶ እንደርስ ነበር! ‹ቁሚ› በይኝ። እየሮጡ አንቱ አይባልም፤ አንቱታ ትንፋሽ ይፈጃል።»

እና በዚህ ተስማማን። መንገድ ላይ አንቺ፣ ሱቅ ስገባ እርስዎ። በኋላ ተደባለቀብኝ፤ አንድ ሰርግ ላይ በሰው ፊት «ነይ እዚህ ጋ ተቀመጪ» ብያት አክስቴ በክርኗ ወግታኛለች። እሷ ግን እየሳቀች መጥታ ቁጭ አለች።

ወራት ሄዱ። ዝናብ ሲሆን አልወጣም እላለሁ፣ በሬን ትደበድባለች። ሰነፍኩ፣ ተቆጣችኝ፣ ተኳረፍን፣ ታረቅን። ከዚያ አንድ ቀን ሐኪሙ ውጤቴን አይቶ «ምን አደረግሽ?» አለኝ። በቀጥታ ሱቋ ሄጄ ነገርኳት። መርፌዋን ከአፏ አውጥታ እልል አለች፤ ያንኑ ቀሚሴንም በዚያው ሳምንት አጠበበችልኝ።

ዛሬ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ አንዱ ሰውዬ አጠገቡ ለተቀመጠው «ያን ሁሉ ሮጣ ምን አተረፈች?» ሲል ሰማሁት። ለቅሶ ቤት ነው ብዬ ዝም ማለት ነበረብኝ። አልቻልኩም።

«እኔን!» አልኩት። «እኔን አተረፈች!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይየኝ። ልጄ ዛሬ እናት ያላት በእሷ ነው። ሌላ ማስረጃ የለኝም።

እትዬ ሙሉ፣ የኔ እናት፣ እግዜር ይስጥልኝ ልልሽ ስጀምር ሁሌ ወሬ ታስቀይሪኝ ነበር። አሁን አታቋርጪኝም። እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ልጄ፣ ስለ ሳቁ፣ ስለ ቁጣሽም ጭምር።

ነገ ቀብርሽ ነው። ድሮ ቀብር ሲኖር ሰው በእግሩ ይሸኛል፤ እኔን ግን «አንቺ አትችይም» ብለው ከአሮጊቶቹ ጋር መኪና ውስጥ ነበር የሚያስገቡኝ። ነገም መኪና ቆሟል አሉ፣ ለደካሞች።

አልገባም። ከቤትሽ ደጅ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ያን ሁሉ አቀበት፣ በእግሬ ነው የምሸኝሽ።