የካቦው ቁና

ቤቴ ግድግዳ ላይ አንዲት አሮጌ ቁና ተሰቅላለች። እህል አልሰፍርባትም፣ እንቁላል አላስቀምጥባትም፣ ለጎረቤትም አላውሳትም። የነፍስ አባቴ በመጡ ቁጥር ቀና ብለው ያይዋትና «ልጄ፣ ይችን ነገር ከምድጃ ጨምሪያት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። እኔም «እሺ አባቴ፣ ስሞት ያቃጥሏታል» ብዬ እሸኛቸዋለሁ።

ቁናዋ እንዴት እጄ እንደገባች ለመናገር ከበሬ መጀመር አለብኝ። ጣልያን አገራችን ሲገባ እኔና ባሌ ይጁቤ አጠገብ ጥንድ በሬ ይዘን የምናርስ ገበሬዎች ነበርን። አንድ ቀን ወታደሮቹ በሰፈራችን ሲያልፉ ሁለቱንም በሬዎች አርደው በሏቸው፤ ቆዳውን እንኳ አልተዉልንም። መሬቱ አለ፣ ጉልበቱ አለ፣ ዘሩም ትንሽ ትንሽ አለ። በሬ የሌለው ገበሬ ግን መሬቱን ቆሞ ከማየት በቀር ምን ያደርጋል?

ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ሽማግሌም አንድ በሬ ብቻ ቀርቷቸው ነበር። በእኛ አገር አንድ በሬ ያለው ሰው እንደሱ አንድ ካለው ሰው ጋር ይቀናጃል። ሁለቱን በአንድ ቀንበር ይጠምዱና የሁለቱንም መሬት በየተራ ያርሳሉ። ሽማግሌው ባሌን ጠሩትና «ልጄ፣ አንድ በሬ ብቻ ፈልገህ ና። ከሌላ ሰው ሳልቀናጅ እጠብቅሃለሁ። ግን ዕድሜ ልኬን አልጠብቅህም፣ መሬቴ ዳዋ ይለብስብኛል» አሉት። እኛም ቤታችንን ዘግተን አንድ በሬ ፍለጋ ደብረ ማርቆስ ወረድን።

ከከተማው ዳርቻ ጣልያን መንገድ ያሠራ ነበር። ባሌ ድንጋይ ፈላጭ ሆነ። እኔ አሸዋና የተፈለጠ ድንጋይ በጀርባዬ ማመላለስ ያዝሁ። ደመወዛችን በየቅዳሜው በሊሬ፣ በወረቀት ይከፈለናል። ገጠሬው ደግሞ ወረቀት አይቀበልም። «ዝናብ ሲመታው ገንፎ የሚሆን ገንዘብ ምን ያደርግልኛል» ይላል፤ ጠገራ ብር ወይም አሞሌ ጨው ካላየ ጭነቱን ከአህያው ላይ አያወርድም። ቢቀበለንስ ኖሮ? እኛ ከሥራ የምንወጣው ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ገበያው ከተበተነ በኋላ ነው። ወረቀታችንን ተቀብሎ እህል የሚሸጥልን አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም የእኛው ካቦ፣ የሥራ አለቃችን ነው።

ካቦው የአገራችን ሰው ነው። ከጣልያን በፊት እህል ይነግድ ነበር ይሉታል። የነጮቹን ቋንቋ ትንሽ ትንሽ ስለለቀመ ሠራተኛ የሚቀጥረው እሱ፣ የሚያባርረው እሱ፣ የሚተረጉመውም እሱ ነበር። ለእሱ ሊሬው ገንዘብ ነው። ከጣልያን ሱቅ አቡጀዲ ያወጣበታል፣ አቡጀዲውን ለገጠሬው በጤፍ ይለውጠዋል፣ ጤፉን ደግሞ ለእኛ በሊሬ ይሸጥልናል። ደመወዛችን ቅዳሜ ከእጁ ወጥቶ እዚያው ቅዳሜ ተመልሶ እጁ ይገባ ነበር።

በመጀመሪያ አሰፋፈሩ ደህና ነበር፤ ይህን እንኳ አልክድም። ቁና እንደ ወጉ ሲሰፈር ሰፋሪው ሁለት እጁን አፏ ዙሪያ ከብቦ፣ እህሉ ከአፍ በላይ ተቆልሎ መፍሰስ እስኪጀምር ድረስ ይሞላል። ቁልሉ የገዢው ሐቅ ነው። በዚያ ላይ እፍኝ ምርቃት ይጨመራል። እንዲያ እየተሰፈረልን ከየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ስለሚተርፈን በሬው ከሩቅም ቢሆን ይታየን ነበር።

ከዚያ ደመወዝ ተጨመረልን።

ካቦው ድንጋይ ክምር ላይ ወጥቶ ሲያበሥረን ሴቶቹ እልል አልን። እኔም ከሁሉ አስበልጬ እልል አልሁ፤ ጉሮሮዬ ይታነቅ። ባሌ ሳቅና ጨዋታ የማይለየው ሰው ነው፤ ወደ ቤት ስንሄድ «በቃ፣ ዛሬ ቀንዶቹን ገዛናቸው» አለኝ። ቅዳሜ ጤፍ ልገዛ ሄድሁ። ዋጋው ያው ነው። ካቦው ግን ቁናዋን ሞላና በክንዱ አፏን ጥርግ አድርጎ ደለደላት።

«ቁልሉስ ጌታዬ?» አልሁት።

«ደመወዝ ተጨምሮልሽ የለም እንዴ? ቁልሉ እጅሽ ገብቷል» አለና ሳቀ። ከኋላዬ የተሰለፉትም ሳቁ፤ ተራቸው እስኪደርስ ድረስ። ሲስቅ የታየችኝን ጥርሱን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ያደርሰን የነበረው ጤፍ ሐሙስ ላይ አለቀ። የተጨመረው ሊሬ የጎደለውን ለመሙላት ሄደ፣ አልበቃ ሲል ካስቀመጥናትም ነካን። ባሌ ባዶውን ስልቻ አየት አድርጎ «ቀንዶቹን ነቀሏቸው» አለ።

ሁለተኛው ጭማሪ ሲመጣ እልልታችን ቀጠን ብሎ ነበር። በዚያ ቅዳሜ ካቦው አዲስ ቁና ይዞ ብቅ አለ። ቀይና ጥቁር ስንደዶ የገባባት፣ ዓይን የምትስብ ቁና ናት። ስፌት የልጅነት ሙያዬ ነውና ነገሯ አላማረኝም። ተራዬ ሲደርስ ጤፉን ከመጨመሩ በፊት እጄን ሰደድሁባት። ከውጭ ሲያዩዋት ክንድ የምትውጥ የምትመስለው ቁና፣ ጣቶቼ ገና ከመግባታቸው ወለሏን ነኩ። ከውስጥ ሌላ ቂጥ ተሰፍቶባታል፤ በሁለቱ መካከል ገለባ ተጠቅጥቋል።

«ይች ቁና ሁለት ቂጥ አላት» አልሁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ሰዉ መሬት መሬት አየ። ካቦው አልተቆጣም። «አንች፣ የማይመችሽ ከሆነ ከገበያ ግዥ» አለኝ፣ ገበያ እንደሌለ እያወቀ። ሰኞ ሥራ ስገባ ቅርቡን አሸዋ ትቼ ከሩቁ ወንዝ እንዳመላልስ አዘዘኝ። ዳገቱ ጉልበት ይሰብራል። ባሌ «ባክሽ ዝም በይ፣ ቀን ይለፍ» እያለ ለመነኝ። ዝም አልሁ። ጭነቱን ባወጣሁና ባወረድሁ ቁጥር ግን ያችን ቁና አስባት ነበር፤ ቀለሟን፣ አሰፋፏን፣ ጆሮዋን ሁሉ በልቤ ያዝኋት።

ሦስተኛ ጭማሪ ሊመጣ ነው ተብሎ ሲወራ ሠራተኛው ደነገጠ። ሳቅ ያላችሁ ሳቁ፤ ደመወዝ እንዳይጨመርባቸው ስለት የተሳሉ ሴቶች አውቃለሁ። የእኛ ደመወዝ በእግሩ ሲሄድ ኑሮ በበቅሎ ነበር የሚሄደው፤ እኛ አንድ እርምጃ በተራመድን ቁጥር ካቦው በቅሎውን ኮልኮል ያደርጋታል። በመጨረሻ ከድንጋይ ፈላጮቹ በዕድሜ የገፉት አንድ ሰው የጣልያኑ ሹም ለጉብኝት ሲመጣ ፊቱ ቀረቡና እጅ ነሱ።

«ጌታዬ፣ ደመወዛችን ባለበት ይቅርልን። የቀድሞው ቁና ብቻ ይመለስልን» አሉት።

አስተርጓሚው ማን ነው? ካቦው። ጥቂት ቃል ተናገረ። ጣልያኑ ፈገግ አለ፣ የሽማግሌውን ትከሻ መታ መታ አደረገና ሄደ። ለነጮቹ ወጥ የሚሠራ አንድ ሰው አጠገባቸው ቆሞ ነበር፤ ቋንቋውን ይሰማል። ካቦው ያለውን በኋላ ነገረን፤ «ስለ ጭማሪው ሊያመሰግኑዎት ነው» ብሎት ኖሯል።

ጭማሪው መጣ። አሁን ቁናዋ እንደዚያው ሆና ዋጋዋም ወጣ። በዚያው ሰሞን ከይጁቤ የመጣ ሰው የጎረቤታችንን መልእክት አደረሰን። «መሬቴ ዳዋ ሊውጠው ሆነ። ከሌላ ሰው ተቀናጅቻለሁና አትቀየሙኝ» ብለዋል። አልተቀየምናቸውም፤ ያለ ልክ ነበር የጠበቁን። ባሌ የትኛው የበሬው ክፍል እንደቀረ አልቀለደም። ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ መዶሻውን እግሮቹ መካከል አስቀመጠና አለቀሰ። ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ አላለቀስሁም። ይህን ሰው ሳልከፍለው አልሞትም ብዬ ማልሁ።

ጣልያን ደብረ ማርቆስን ለቆ የወጣ ዕለት ካቦው የት እንደገባ ጠፋ። ሰዉ የእህል ቤቱን ሰብሮ ገባ። አንዱ ስልቻውን፣ አንዱ ነጠላውን እየሞላ ይወጣል። እኔም ገባሁ። ጤፉ መሬት ላይ ፈሶ እግር ይውጣል፣ እኔ ጥጋ ጥጉን እፈልጋለሁ። አገኘኋት። ታቅፌያት ስወጣ ባሌ አንድ ስልቻ ተሸክሞ ደጅ ቆሟል።

«አብደሻል እንዴ? ሰው እህል ሲወስድ የእህል መስፈሪያ ትወስጃለሽ?» አለኝ።

«እህሉን በልተን እንጨርሰዋለን። ይች አታልቅም» አልሁት።

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይላል የአገሬ ሰው፤ ይልና እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። እኔ ቁናዋን ይዤ ጠበቅሁ።

ይጁቤ ስንመለስ ያጠራቀምናት ጥቂት ሊሬ ለልጆች መጫወቻ ሆነች። የጎረቤታችን ተቀናጅ በሬው ሞቶበት ስለነበር የሽማግሌው በሬ እንደገና ብቻውን ቀርቷል። የእኛ ግን አሁንም የለም። ባሌ ለባለበሬ ሁለት ቀን በጉልበቱ እያገለገለ ለአንድ ቀን በሬ እየተዋሰ፣ ከሽማግሌው በሬ ጋር እየጠመደ እንደምንም አረሰ። የመጀመሪያው መኸር ከአፋችን አላለፈም። በሁለተኛው ጤፉ ሰጠን፤ ከጎታው የሚሸጥ ተረፈን።

ከዚያ መኸር ቀጥሎ በመጣው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ እህል ከየቤቱ በጠፋበት ሰዓት አንድ ሰው አህያ እየነዳ ደጃችን ቆመ። ዝናቡ ከላዩ ይወርዳል። ፊቱን ገና ሳላይ በድምፁ አወቅሁት።

«እሜቴ፣ የሚሸጥ ጤፍ አለዎት ብለውኝ ነበር። ወረቀት አይደለም፣ ጠገራ ብር ነው የያዝሁት» አለኝ።

አንቱ አለኝ። አላወቀኝም፤ ከየት ያውቀኛል? ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያየው እጃችንን እንጂ ፊታችንን አልነበረም። «አለ፣ ይግቡ» አልሁት። በገበያው ዋጋ ተስማማን። ባሌም ካለበት ብድግ ብሎ መጣ፤ ሰውየውን አየው፣ እኔን አየኝ። ቁናዋን ከግድግዳው አወረድሁና አቧራዋን በነጠላዬ ጠረግሁላት።

የመጀመሪያዋን ሞልቼ አፏን በክንዴ ጥርግ አድርጌ ደለደልኋት።

«ቁልሉስ እሜቴ?» አለ።

ስልቻው ውስጥ ገለበጥሁለት። ሁለተኛዋን ልሞላ ስል ነጋዴ ነውና ነቃ፤ እጁን ሰደደባት። ጣቶቹ ወዲያው ወለሏን ነኩ። ፊቱ ተቋጠረ።

«እሜቴ፣ ይች ቁና ልክ አይደለችም። ይችን ያሰፋ ሰው እግዜርን አይፈራም» አለኝ።

«እውነትዎን ነው፣ አይፈራም» አልሁት። «ወደ ብርሃኑ ያውጧትና ይዩዋት። ያሰፋትን ሰው ሳያውቁት አይቀሩም።»

ደጃፉ ድረስ ይዟት ሄደ። ቀዩንና ጥቁሩን ስንደዶ አየ፣ ገለበጣት፣ ጆሮዋን ዳበሰ። ሲመለስ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየኝ።

«ከመንገዱ ሥራ ነበሩ?»

«አሸዋ አመላላሽ ነበርሁ። ከሩቁ ወንዝ።»

«ያ ጊዜ ክፉ ጊዜ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ሁላችንም የሰው እጅ አይተን ነው ያደርን። እባክዎ ትንሽ ይቆልሉበት።»

«ቁልሉ እጅዎ ገብቷል» አልሁት።

ትቶ መሄድ ይችል ነበር፤ የያዘው ማንም የለም። ግን ዝናብ ነው፣ ነሐሴ ነው፣ ከብዙ ደጅ ተመልሶ እንደመጣ ከአህያው ጀርባ ባዶነት ያስታውቃል። ከፊቴ ቆሞ ብሩ እስኪያልቅ ድረስ በዚያችው ቁና እየደለደልሁ ሰፈርሁለት። ስልቻውን ሲያስር ባሌ እፍኙን ሞልቶ ምርቃት ሊጨምርለት እጁን ዘረጋ፤ ገር ሰው ነው። አንጓውን ያዝሁት።

«ምርቃቱ ደብረ ማርቆስ ቀርቷል» አልሁት። ጤፉን ወደ ጎታው መለሰው።

ካቦው አህያውን እየነዳ ሄደ። የተበቀለ ሰው በመጨረሻ ልቡ ባዶ ይሆናል ሲሉ ሰምቻለሁ። የእኔ ሞላ፤ እስከነቁልሉ ሞላ።

በእሱ ብር ብቻ በሬ አይገዛም፤ ከሌላ ጤፍ ሽያጭ ያገኘነውን ጨምረንበት መስከረም ሲጠባ አንድ ወይፈን ገዛን። ባሌ ከገበያ እየነዳው መጥቶ ከሽማግሌው በሬ አጠገብ አቆመው። ቀንዱን ዳበሰ፣ ሻኛውን ዳበሰ፣ ዞሮም ያ የጠፋ ሳቁ ተመልሶ ፊቱ ላይ አየሁት።

«እህ፣ በካቦው ብር የተገዛው የቱ ነው?» አለኝ።

«ጅራቱ» አልሁት።

ያ በሬ እስኪያረጅ ድረስ፣ በጅራቱ ዝንብ ሲያባርር ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር።