የገበያ ቀን እርምት

አዲስ ጨርቅ ውሃ ሲነካው የሚያወጣውን ሽታ ታውቁት እንደሆነ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት አንድ ጀማሪ ጋዜጠኛ በዝናብ ርሶ፣ አዲሱ ጃኬቱ እንደዚያ እየሸተተ መጣና የሁለት መስመር እርምት ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። አንድ ሰው ያላደረገውን አድርጓል ብለን በጋዜጣችን ጽፈን ነበር። «የት ገጽ ላይ ይውጣ?» አለኝ። እኔ ግን በሐሳብ ወደ ተማርኩባት ከተማ፣ ዳባት ገብቼ ነበር።

አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ፤ የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ተቺ። ትችት ማለት ሰው ማዋረድ ይመስለኝ ነበር፤ ሲሳቅልኝ ደግሞ ይብስብኛል። ድምፅ ማጉያው አጥሩ ጥግ ካለ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ስለታሰረ፣ የምንለውን ሁሉ ማዶ ያለው ገበያም ይሰማው ነበር።

አንድ የገበያ ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ስለ ዩኒፎርማችን አነበብኩ። የሁላችንንም የሰፉት አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ነበሩ። ኪሱ ቶሎ ይቀደዳል አልኩ፤ ይህ እውነት ነው። ቀጥዬ ግን «ቀሚሳችን በአንድ ወር ያጠረው ልብስ ሰፊው ጨርቃችንን ስለሰረቁን ነው» አልኩ። ሄጄ አልጠየቅኋቸውም። ግቢው በሳቅ አውካካ።

ከትምህርት ስወጣ በልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ሴቶች ተሰልፈው ገና ያልተቆረጠ ጨርቃቸውን መልሰው ይወስዳሉ። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ለየባለቤቱ ይመልሳሉ። ሲያዩኝ ጠሩኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ወላጆቻችን ጨርቁን ከገዙበት ሱቅ፣ ከዚያው ጣቃ አንድ ክንድ አስቆረጡና በሜትር ለኩልኝ፤ ባልዲ ውስጥ ነክረው ፀሐይ ላይ ሰጡት። ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ የቀረው የዚያን ቀን ነው። ከተራራው በኩል የሚመጣው ነፋስ ቶሎ አደረቀው። መልሰው ሲለኩት ሁለት ጣት ጎደለ።

«ጨርቁ ነው የሚገባው» አሉ። «ወላሂ፣ አንዲት ክር አልወሰድኩም።»

በማግስቱ ይቅርታ አነበብኩ። የሚኒ ሚዲያ ክበቡ ኃላፊ መምህር «በቃ፣ ታርሟል» አሉኝ። ቀለል ብሎኝ ወደ ልብስ ሰፊው ሄድኩ።

«ሰማሁሽ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ሌባ ያልሽኝን ገበያው ሰማ። ይቅርታሽን ግን እኔና ባዶው የገበያ ሜዳ ነን የሰማነው።»

ለጀማሪው ጋዜጠኛም የመለስኩለት ይህንኑ ነው፤ ስህተቱ የወጣበት ገጽ ላይ፣ እዚያው ቦታ።

እስከሚቀጥለው ገበያ ድረስ ከዚያ በረንዳ የማሽን ድምፅ አልተሰማም።  አዲሱን የእርምት ጽሑፌን አስቀድሜ ወስጄ አነበብኩላቸው፤ ሙገሳ ሞልቼበት ነበር። «ስፌታቸው እንከን የለውም» የምለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

«ይህን አውጪው። የኪሱ ነገር እውነት ነው፤ ቸኩዬ ነው። ሌባ ያልሽውን ብቻ መልሺ።»

ገበያው ሲሞላ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን አነበብኩ። «ልብስ ሰፊው ጨርቅ አልሰረቁም፤ ጨርቁ ሲታጠብ ገብቶ ነው። ሳልጠይቃቸው ሌባ አልኳቸው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።» ማንም አልሳቀም። 

አንብቤ እንደጨረስኩ ወደ ልብስ ሰፊው ሄድኩ። በረንዳው ላይ አንዲት እናት በዚያ ሳምንት የወሰደችውን ጨርቅ መልሳ ይዛ፣ አፍራ መሬት መሬት እያየች ቆማለች። እሳቸው አንድም ነገር አላነሱባትም። ተቀበሏትና «መጀመሪያ ነክሬ ልየው» አሏት ብቻ። ያን ጊዜ ሸክሙ ከላዬ ወረደ፤ እዚያው መንገድ ላይ ቆሜ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።

ዛሬ በሕይወት የሉም። «ይቅር ብዬሻለሁ» ብለውኝ አያውቁም፤ እኔም አስጨንቄ አልጠየቅኋቸውም። ግን ከዚያ በኋላ በየገበያው ቀን፣ እኔ ማንበብ ስጀምር ማሽናቸውን አቁመው ያዳምጡኝ ነበር። ከትምህርት ስመለስም ከሩቅ ይጠሩኛል።

«ልጄ፣ የዛሬውን ሰውዬ ጠየቅሽው?»

«ጠይቄዋለሁ፣ አባባ።»

«እንግዲያ በርቺ» ይሉና ወደ ስፌታቸው ይመለሱ ነበር።