ሎሬይን ከተቆለፈው በር ጀርባ

ሎሬይን ሃውገን ሠላሳ አንድ ዓመት የድንገተኛ ጥሪ ስልክ ስታነሳ ኖራ ጡረታ ወጥታለች። በሰሜን ሚኒሶታ በምትገኘው ትንሿ ከተማችን ወደ ድንገተኛ ጥሪው ቁጥር፣ ወደ ዘጠኝ አንድ አንድ፣ የደወለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው የእሷን ድምፅ ነበር። ምጥ የያዛት፣ ቤቱ የተቃጠለበት፣ ልጇ በረዶው ተሰብሮ ሐይቅ ውስጥ የገባባት፣ ሁሉም ያንን ዝግ ያለ ድምፅ ያውቁታል። እኔ የምኖረው ከቤቷ ፊት ለፊት ነው።

ባሏ ሮይ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። የአደን ጠመንጃው ምድር ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። የሮይ ወንድም ክሊፎርድ በመጣ ቁጥር፣ «ብቻሽን ነሽ፤ አልጋሽ ሥር አድርጊው እንጂ!» እያለ ይነዘንዛታል።

«ክሊፍ፣ አንድ አባት ደውሎልኝ ያውቃል፣» ትለዋለች። «ሌባ መስሎት የተኮሰው በመስኮት የገባ የገዛ ልጁን ነበር። ያን ሰውዬ አንድ ሰዓት ሙሉ አናገርኩት። ተወኝ በቃ።»

ባለፈው ጥር፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የጓሮው በር ሲከፈት ሰማች። ቀጥሎ የወጥ ቤቱ መሳቢያ ተሳበ፤ ማንኪያና ሹካ ተንኳኳ። ከአልጋዋ ተነሥታ ቆመች። ወርዳ ማን እንደሆነ ለማየት እግሯ ሊቀድማት ምንም አልቀረው። ራሷን ገታ አድርጋ የመኝታ ክፍሏን በር ቀስ ብላ ቆለፈች። መብራት ሳታበራ ከአልጋው ማዶ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ደወለች።

«ዘጠኝ አንድ አንድ፤ ምን ገጠመዎት?» አለች አንዲት ልጅ እግር ሴት።

ሎሬይን አፏን ከፈተች፤ ድምፅ እምቢ አላት። ስንቱን ሰው «መጀመሪያ አድራሻዎን ይንገሩኝ» ስትል የኖረች ሴት የራሷ ቤት ቁጥር ጠፋባት።

«መናገር ካልቻሉ ስልኩን አንዴ መታ ያድርጉት።»

መታ አደረገችው።

«ጎበዝ። ቤትዎ ሰው ገብቷል?»

አሁንም መታ አደረገችው።

«እሺ። አብሬዎት ነኝ፤ የትም አልሄድም።»

ይህን ስትሰማ ድምፅዋ ተመለሰላት። «ሰባት መቶ አሥራ ሁለት፣ በርች ጎዳና፣» አለች በሹክሹክታ። «ላይኛው ፎቅ ነኝ፤ ወደ መንገዱ የሚያየው ክፍል። በሩን ቆልፌያለሁ። ብቻዬን ነኝ፤ መሣሪያም አልያዝኩም።»

«በጣም ጥሩ። ፖሊሶች ተነሥተዋል፤ ስምንት ደቂቃ ነው። እኔ ሳልነግርዎት እንዳይከፍቱ።»

ሎሬይን «ስምንት ደቂቃ» እያለች ለሰው ስንት ጊዜ ተናግራለች። ሲጠብቁት ይህን ያህል እንደሚረዝም ግን አታውቅም ነበር።

ድንገት ከታች አንድ ሰው ተጣራ። «ኢንግሪድ! ገንፎው ሊቀዘቅዝ ነው፤ አትወርጂም እንዴ?»

የሽማግሌ ድምፅ ነው። እዚያ ቤት የኖረች ኢንግሪድ አንዲት ብቻ ነበረች፤ የአርቪድ ሊንድስትሮም ሚስት። አርቪድ ቤቱን በገዛ እጃቸው የሠሩ አናጢ ናቸው። ሚስታቸው ሲሞቱባቸው ለሎሬይንና ለሮይ ሸጠውት፣ አራት መንገድ አለፍ ብሎ ልጃቸው ካሪን ዘንድ ገቡ። ይህ ከሆነ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እነሎሬይን የጓሮውን በር ቁልፍ ሳይቀይሩት ቀርተዋል፤ አሮጌው መክፈቻም አርቪድ ዘንድ ነበር።

«የማውቃቸው ሰው ይመስሉኛል፣» አለች። «አእምሯቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው። ልውረድ?»

«ሊሆን ይችላል። ግን እርግጠኛ ነዎት?»

እሷም ብትሆን የምትጠይቀው ይህንኑ ነበር። «አይደለሁም።»

«እንግዲያው አብረን እንጠብቅ።»

«እሺ። ግን ለፖሊሶቹ ንገሪልኝ፤ አርቪድ የሚባሉ ዘጠና ዓመት የተጠጉ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ጆሯቸው ይከብዳቸዋል። ሲጠሯቸው ዝም ቢሉ እምቢ ያሉ እንዳይመስላቸው።»

«አሁኑኑ እነግራቸዋለሁ።»

የፖሊስ መኪናው ሳይጮኽ ሲቆም በመስኮቴ አየሁት። ሁለት ሰዎች ቀስ ብለው ወደ ጓሮ ዞሩ። ትንሽ ቆይቶ ልጅቷ ለሎሬይን፣ «አርቪድ ናቸው። አንዱ ፖሊስ አጠገባቸው ተቀምጧል፤ አሁን መውረድ ይችላሉ፣» አለቻት።

አርቪድ በሌሊት ልብሳቸው ጠረጴዛው ዘንድ ተቀምጠዋል። አንድ እግራቸው ነጠላ ጫማ አለው፤ ሌላው ባዶውን ነው፤ በብርድ ነጥቷል። ያን ሌሊት ደጁ ሰው የሚያደርቅ ብርድ ነበር። ፖሊሱ ፊት ጥሬ አጃ በቀዝቃዛ ውኃ የተበጠበጠበት ሳህን ቀርቧል፤ እሱም ጨንቆት ማንኪያ ይዟል።

«ይሄ ልጅ አይበላም፣» አሉ አርቪድ። «አንቺ ደግሞ ማነሽ?»

«ሎሬይን ነኝ፣ አባባ።» ተንበርክካ እግራቸውን በብርድ ልብስ ጠቀለለችላቸው።

«ኢንግሪድ ተነሣች?»

«ትንሽ ትተኛ። ብርድ ነው።»

«ልክ ነሽ። ትተኛ።»

አምቡላንስ ወሰዳቸው። የሁለት የእግር ጣቶቻቸው ጫፍ በብርድ ከመጎዳቱ በቀር ተረፉ። ካሪን በማግስቱ እያለቀሰች መጣች። «በሩን ቆልፌው ነበር፣ ሎሬይን፤ እምልልሻለሁ!»

«ተይ እንጂ ካሪን፤ ለዚህም ይለቀሳል?» አለቻት። ያኑ ቀን የጓሮው ቁልፍ ተቀየረ፤ ካሪንም በሯ ላይ ሲከፈት የሚጮኽ ደወል አስገጠመች። ክሊፎርድም ወሬውን ከሰማ ወዲህ የጠመንጃውን ነገር ተወ።

በሳምንቱ ሎሬይን የፖም ኬክ ጋግራ ወደ ድሮ መሥሪያ ቤቷ ሄደች። ያን ሌሊት ስልኩን ላነሳችላት ልጅ፣ «'አብሬዎት ነኝ' የምንለው ሰው ለማረጋጋት ብቻ ይመስለኝ ነበር፣» አለቻት። «ለካ እጅ እንደመያዝ ነው።»

አሁን ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ካሪን አባቷን ይዛ ትመጣለች፤ በፊት ለፊቱ በር፣ አንኳኩተው። አንዳንዴ እኔም እቀላቀላቸዋለሁ። አርቪድ ወጥ ቤቱን ዞር ዞር ብለው ያዩና፣ «ይህን ቤት ማን ሠራው?» ይላሉ።

«አንድ ጎበዝ አናጢ ነው፣» ትላቸዋለች ሎሬይን።

«ጎበዝስ አይደለም። መስኮቱ ወደ ግራ ዘምሟል።»

ሁላችንም ቀና ብለን እናያለን። እውነትም ዘምሟል።