የሩት ፓስወርድ ለሚዜ

የምልኬሳ ነገር ሲነሳ ዛሬም እናደዳለሁ። በ2003 ዓ.ም. ቦሌ ፎቅ በፎቅ ስትሆን፣ እዚያው ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ የጭነት አስተላላፊ ድርጅት ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር። አባቱ ያርሱት የነበረው ማሳ ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሟል። እሱ ግን ሲያማርር አልሰማሁትም።

ሲቀጠር የዋናው ሰርቨር ፓስወርድ በሁሉም ሠራተኛ እጅ ነበር። "ሩት" በሚባለው፣ ሁሉን በሚፈቅደው የሰርቨሩ የበላይ መለያ የገባ ሁሉ ያሻውን ያደርጋል፤ ማን እንዳደረገው ግን አይታወቅም። ምልኬሳ ፓስወርዱን ቀየረና ደንብ አወጣ። ከፍ ያለ ሥልጣን የሚጠይቅ ሥራ ያለበት ሰው በራሱ ስም ገብቶ፣ የሩትን ሥልጣን ለአንድ ትዕዛዝ ብቻ በሚያውሰው በሱዶ ይሠራል፣ እያንዳንዱ ትዕዛዝም ከነስሙ ይመዘገባል። የሩት ፓስወርድ ለክፉ ቀን እሱ ዘንድ ብቻ ይቀመጣል።

ጉዲና አኮረፈ። አብሮት ያደገ፣ አብሮት የሚሠራ፣ ከሁሉም በላይ ሚዜው ነው።

"ሚዜህ ሆኜ ቤትህ ስመጣ በር ላይ ስሜን ታስመዘግበኛለህ?" አለው።

ሚዜ እንግዲህ ወንድም ነው። ምልኬሳ ኩርፊያውን አንድ ሳምንት ቻለው፤ ከዚያ ፓስወርዱን በጆሮው ነገረው። ሞኝነቱ እዚህ ላይ ነው።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ጉዲና ሩት ብሎ ገብቶ ያረጁ ፋይሎችን ሲያጠፋ፣ በትዕዛዙ መሀል በስህተት አንድ ባዶ ቦታ ጨመረ፤ ትዕዛዙ ለሁለት ተከፍሎ ዋናውን ማህደር ያዘና የሦስት ዓመት የጭነት መዝገብ ከነቅጂው ድምጥማጡ ጠፋ። ለምልኬሳ እያለቀሰ ደወለለት።

"እኔ ነኝ ያጠፋሁት ብዬ ሰኞ ራሴ እናገራለሁ" አለው።

ሰኞ ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ለተብርሃን ሁለቱንም ጠሩ። ሰርቨሩ የመዘገበው "ሩት" የሚል ብቻ ነው። ምልኬሳ ጉዲናን አየው። ጉዲና ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋ፤ የራሱ የሱዶ መዝገብ ነው፣ አንድም እንከን የለበትም።

"እኔ የምሠራው በስሜ ነው። የሩትን ፓስወርድ የሚያውቀው ምልኬሳ ብቻ ነው" አለ።

ሥራው ሁሉ ከነስሙ እንዲመዘገብ ያደረገው ራሱ ምልኬሳ ነበር። ወረቀቱን አንስቶ አነበበና አጥፎ ለጉዲና መለሰለት።

"ሥራህን ለጉዲና አስረክብ" አሉት ወይዘሮ ለተብርሃን። የማስረከቢያ ቅጹ መጣ። ከሩት ፓስወርድ ላይ ሲደርሱ፣ "በል ንገረው" አሉ።

"ያውቀዋል" አለ ምልኬሳ።

ጉዲና አቀረቀረ። ወይዘሮ ለተብርሃን ግን የምልኬሳ መልስ እልህ መሰላቸውና "ፓስወርዱን አላስረክብም ብሏል" ብለው ቅጹ ላይ ጻፉ። ምስክር በሚለው ቦታ ጉዲና ስሙን ጽፎ ፈረመ።