የታናሽየዋ ግማሽ ቤት

በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት የሠራች ሴት ነበረች። ማኅተሙን በመሳቢያዋ ቆልፋ ስለምታስቀምጥ ባልደረቦቿ «እትዬ ማኅተም» ይሏታል። ያላገባች፣ ቁጥብ፣ በሰው ነገር የማትገባ ሴት ናት። በታናሽ እህቷ ግን ትቀናለች። ልጅ ሳሉ ታናሽየዋ ስትስቅ ቤቱ ሁሉ ይስቃል፤ እሷ ስትስቅ «ደግሞ አንቺ ምን አገኘሽ?» ይሏታል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ቅናቱ አልለቀቃትም።

አባታቸው ሲሞቱ ቤቱን በአንድ ግድግዳ ለሁለት ተካፈሉት። የመንገዱ በኩል ለታናሽየዋ ደረሰ፤ እዚያው ፀጉር ቤት ከፈተችበት። የጓሮው ለታላቅየዋ ሆነ። ዕጣውን ያወጣችው ራሷ ታላቅየዋ ስለሆነች የምትወቅሰው ሰው እንኳ አጣች፤ ይሄ ይበልጥ ያንገበግባት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ታናሽየዋ ወረቀት ይዛ መጣች።

«እታለም፣ የኔን ግማሽ አፍርሼ ፎቅ ልሠራ ነው።»

«ፎቅ?» ድምጿ ለራሷም ቀጠነባት።

«አንድ ደርብ ብቻ። የጋራው ግድግዳ አይፈርስም። ግን አንቺ ካልፈረምሽ ፈቃድ አይሰጡኝም። ወጪውም፣ አሠራሩም እዚህ ላይ አለልሽ።»

«ላንብበውና እፈርማለሁ።»

ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ አሥራ ሁለት ቀን ከረመ። ታናሽየዋ በበሩ ብቅ ባለች ቁጥር መልሱ አንድ ነው፤ «ሥራ በዛብኝ እኮ!»

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ታላቅየዋ የእህቷን ግንበኛ ቤቷ ጠራችው። ሽበት የወረሰው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው።

«ጋሼ፣ እኔም ሳሎኔን ማፍረስ እፈልጋለሁ። ስንት ይፈጃል?»

ግንበኛው ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ። «ተሰንጥቋል?»

«አልተሰነጠቀም።»

«ጣሪያው ያፈሳል?»

«አያፈስም።»

«ታዲያ ምን አደረገሽ?»

ደብተርና እስክሪብቶ አቀረበችለት። እሱም ሳይጨቀጭቃት ማስላት ጀመረ። ቆርቆሮውን በጥንቃቄ ለማውረድ፣ የቀረው ክፍል እንዳይከተል በእንጨት ለመደገፍ፣ መብራቱን ለማቋረጥ፣ ፍርስራሹን በገልባጭ መኪና ሦስት ጊዜ ለማስጫን። «በዚህ ላይ መጠባበቂያ ያዢ። ማፍረስ ከተጀመረ በኋላ ነው ጉዱ የሚታየው» አላት።

ድምሩን አየች። ዕድሜ ልኳን ያጠራቀመችው ለማፍረሱ ይበቃል፤ መልሶ ለመሥራት ግን ሰባራ ሳንቲም አይተርፍም።

«እህቴ፣ ቤትሽ ጤነኛ ነው» አለ ግንበኛው መዳፉን እያራገፈ። «ይልቅ የዚያችን ልጅ ወረቀት ፈርሚላት፤ ሠራተኞቼ ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል።»

ፊቷ በእፍረት ጋለ። እሱ እንደወጣ ወረቀቱን አውጥታ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበችው። እህቷ አዲሱን ቤት ከጋራው ግድግዳ ሁለት ሜትር አርቃ ነበር ያቀደችው። ከወጪዎቹ መካከል «ለእታለም ሳሎን መስኮት ማውጣት፣ የጋራውን ግድግዳ በውጭ በኩል መለሰንና ቀለም መቀባት» የሚል ሰፍሯል። ሳሎኑ በጠራራ ፀሐይም መብራት የሚበራበት ጨለማ ክፍል ነበር።

ደስ የሚላት መስሏት ጠበቀች፤ ግን ደስ አላላትም። «ደግነቱንም ቀደመችኝ» አለች ብቻዋን።

ወረቀቱን ፈርማ ወደ ፀጉር ቤቱ ይዛ ሄደች። የመስኮቱን ወጪ ሰርዛዋለች።

«ይሄን የምከፍለው እኔ ነኝ።»

«እታለም፣ ምን ሆነሻል? አይሆንም!»

«እንግዲያው ፊርማዬንም እሰርዘዋለሁ።»

ታናሽየዋ ሳቀች፤ ፀጉር የሚሠሩትም ሴቶች አብረው ሳቁ።

ግማሹ ቤት በስምንት ቀን ፈረሰ። መስኮቱም ወጣ፤ ታላቅየዋም እዚያው ስር ቁጭ ብላ ደርቡ ሲያድግ በየቀኑ ታይ ጀመር። ለባልደረቦቿ «እህቴ ፎቅ እየሠራች ነው» ስትል ኩራት ይሁን ቅሬታ ለመለየት ያስቸግር ነበር።

ሥራው ያለቀ ዕለት ታናሽየዋ እጇን ይዛ ወደ ላይ አወጣቻት። ታላቅየዋ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ዞራ አየች፤ አንድም እንከን አጣች። ሲወርዱ ግን ቆም አለች።

«ደረጃው ትንሽ ጠቧል» አለች።

«እውነትሽን ነው፣ ትንሽ ጠቧል» አለች ታናሽየዋ።

ያን ቀን ታላቅየዋ ቀለል ብሏት ዋለች።